የወርቅ ካርዱ አምስት ሰዎች

አስረስ ቂሙን እንደ ቆዳ ቁርጥራጭ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለችው የታፒሰሪ ሱቁ ውስጥ፣ ከሰው መኪና ወንበር የተረፈ ቆዳ ሁሉ በመጠን በመጠኑ ተለይቶ በማዳበሪያ ከረጢት ይሰቀላል፤ አንድ ቀን ይፈለጋል ተብሎ። ያስቀየሙትም ሰዎች እንዲሁ ተለይተው ሆዱ ውስጥ ተሰቅለው ነበር፤ ትንሹም ትልቁም፣ አንዱም ሳይጣል።

የእህቱ ልጅ ስትዳር ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ፣ ድስት ከሚገባበት ከሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ ያስቀመጡት ቀን አለ። ሙሽሮቹን ያየው ሊሄዱ ሲነሡ ነው፤ እስከዚያ ያየው ምሰሶ ብቻ ነው። የአንድ ትልቅ ሰው መኪና ወንበር ከዳር እስከ ዳር በቆዳ ለብጦ ሲጨርስ፣ እንዴት እንደሚመች ልየው ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ ሾፌሩ ልብስህ ዘይት ነክቶታል ብሎ የመለሰውም ቀን አለ። ስድስተኛ ክፍል ላይ፣ አንተ እጅህ እንጂ ጭንቅላትህ አይሠራም ያለው አስተማሪ እስከ ዛሬ ስሙ ከነአባቱ ይታወሳል። አስረስ ሠላሳ አምስት ዓመት ለሰው ወንበር ሰፍቷል፤ እሱን ግን ማንም ደህና ቦታ አስቀምጦት አያውቅም። ይህን ሲናገር የሰማ ይስቃል። እሱ ግን ለማሳቅ ብሎ ተናግሮት አያውቅም።

ከሁሉ ትልቁ ቁርጥራጭ የአናስ ነበር።

አናስ ከስልጤ መጥቶ ከአስረስ ሱቅ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫ የከፈተ ሰው ነው። በዕድሜ ከአስረስ ሃያ ዓመት ያንሳል። ሲመጣ ብቻውን ነበር፤ ዘመድ የሚባል በሰፈሩ አልነበረውም። የመጀመሪያ ፒክአፑን ወንበር የሰፋለት አስረስ ነው፤ በጾሙም በፍስኩም የአስረስ ሚስት ተሾመች ምሳ ስታመጣ ለእሱም ጭምር ታስብ ነበር፤ ሥጋ የሆነ ቀን እሱ ከማይበላው ለይታ ሽሮውን ለብቻ ትይዝለታለች። እንዲህ ሆነው ሁለት ሦስት ዓመት ኖሩ። ከዚያ አናስ ቻይና መመላለስ ጀመረ፤ አንድ ቀን ደግሞ ኮንቴነር ሙሉ የተሰፋ የወንበር ልባስ ይዞ መጣ።

ሱቁን አስፍቶ የከፈተ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቶ ነበር። አናስ በሰው ፊት አንዱን ልባስ ከላስቲኩ አወጣና፣ በሩ ላይ የቆመች ሚኒባስ ወንበር ላይ እንደ ካልሲ አጠለቀው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። «ይኼን ጋሽ አስረስ በሦስት ቀን አይጨርሱትም» አለ እየሳቀ። ሰውም ሳቀ። አስረስም እዚያው ቆሞ አብሮ ሳቀ፤ ቤቱ ሲገባ ግን እራቱን አልበላም። በማግሥቱ አናስ ከመንገዱ ማዶ እጁን ሲያነሣለት አስረስ ፊቱን አዞረ። እንደዞረ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። በእድር ስብሰባ ቢገናኙ እንኳ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ነው።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። አስረስ ከስፌት መኪናው ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው የአናስን ቢጫ ታፔላ ነበር። «አናስ የመኪና ጌጣጌጥ» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ፣ እያንዳንዱ አኃዝ የዳቦ ያህል ሆኖ ተጽፏል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያቺን ታፔላ በልቡ ሲረግማት ኖረ። ሥራው ደግሞ በእርግጥ ቀዘቀዘ። ድሮ በሳምንት አራት መኪና ይሰፋ የነበረ ሰው፣ አሁን የተቀደደ የሚኒባስ ወንበር መጠገኛ ብቻ ሆነ።

ይህ ሁሉ እንዲህ እንዳለ ተሾመች ታመመች።

ተሾመች የሥራው ግማሽ ናት። እሷ ትቆርጣለች፣ እሱ ይሰፋል፤ እንዲህ ነው የኖሩት። አንድ ዝናባማ ቀን መካኒሳ ገበያ ደረጃ ላይ አንሸራቷት ወደቀችና ጀርባዋ ያን ቀን እንደተያዘ ቀረ። ሁለት ዓመት ታክማ ሳይሻላት ሲቀር፣ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ሕንድ አገር ቢሆን ይሻላል አለ። ልጃቸው ሄርሜላ ከሐዋሳ፣ እድሩም ማኅበሩም ከዚህ፣ ሁሉም ተረባርቦ ሕክምናውም ትኬቱም ተሟላ። ሆስፒታሉ ቀን ሰጠ። አሁን የቀረው መሄድ ብቻ ነው ሲባል፣ ሐኪሙ የጉዞ ወረቀቷ ላይ አንዲት መስመር ጨመረ፦ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀመጥ የለባትም፤ ጉዞው ተኝታ ይሁን።

በረራው ስድስት ሰዓት ይፈጃል። የእሷም፣ አብሯት የሚሄደው የአስረስም ትኬት የኋላ ወንበር ነው።

ፊት ያለው፣ አልጋ የሚሆነው ወንበር፣ ዋጋው ጭራሽ የሚታሰብ አልነበረም። ቀኑን ማስተላለፍም አይቻልም፤ ሆስፒታሉ የሚቀጥለው ተራ ከአምስት ወር በኋላ ነው ብሏል፤ ሐኪሙ ደግሞ አምስት ወር ከቆየች እግሯም ይሰንፋል ብሏል። ተሾመች መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ በጎኗ ተኝታ ይህን ሁሉ ሰማች። ስድስት ሰዓት ቆሜም ቢሆን እሄዳለሁ አለች። አስረስ በአውሮፕላን ቆሞ መሄድ የለም ሲላት፣ እሱስ ምን ነበረበት አለች።

መፍትሔ አለኝ ብሎ የመጣው በፍቃዱ ነው። በፍቃዱ ከመካኒሳ ፉሪ የሚጭን የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ወንበሩ ሲቀደድ ወደ አስረስ፣ ወሬ ሲያገኝ ደግሞ ወደ ሁሉም ይሮጣል። አናስ ጎልድ መሆኑን ታውቃለህ ወይ አለው። አስረስ የምን ጎልድ አለ። በፍቃዱ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ቀላቅሎ ነገረው፦ ብዙ የሚበር ሰው አየር መንገዱ ማዕረግ ይሰጠዋል፤ መጀመሪያ ተራ አባል ነው፣ ከዚያ ብር ይሆናል፣ ከዚያ ወርቅ። ወርቅ የሆነ ሰው አይሰለፍም፣ ሻንጣው አይመዘንም፣ ካርዱን ብቻ ካሳየ ፊት ወስደው አልጋ ላይ ያስተኙታል። ካርዷን ለአንድ ቀን አውሰን ማለት ብቻ ነው።

አስረስ መጀመሪያ የታየው ወርቁ የተገኘበት መንገድ ነበር። ሰውየው ወርቅ የሆነው የማንን እንጀራ ለመውሰድ ሲመላለስ ነው? እያንዳንዱ በረራ የአንድ ደንበኛ መሄድ ነው። ቢሆንም ነገሩን በእድር አሰበው። የእድር ደብተር በአንድ አባወራ ስም ይወጣል፤ ድንኳኑም ወንበሩም ግን ለሚስቱም ለልጁም ለአማቱም ይወጣል። ችግር የደረሰበት ጎረቤት ደብተር ይዞ ቢሄድ የሚመልሰው የለም። የአየር መንገዱም ካርድ ከዚህ ምን ይለያል? ሄዶ መጠየቁ ግን አልሆነለትም። በፍቃዱን ላከው።

በፍቃዱ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ተመለሰ። አናስ ካርዱ ለሰው አይሰጥም፣ ቢሰጥም አይሠራም ብሏል አለ።

አስረስ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አልሰፋም። ቤቱ ገብቶ ለተሾመች ነገራት። እንጀራዬን ወሰደ፣ ሰው ፊት ሳቀብኝ፣ አሁን ደግሞ አንዲት ካርድ ነፈገኝ አለ። ተሾመች ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ታዳምጥ ነበር።

«አንተ ጠይቀኸው ነው የነፈገህ?» አለችው።

በፍቃዱን ልኬ አለ።

«እንግዲያ የነፈገው በፍቃዱን ነዋ። እኔ ለማን ኩርፊያ ብዬ ነው እግሬ የሚሰንፈው? ወይ አንተ ትሻገራለህ፣ ወይ እኔ በደረቴ እየተሳብኩ እሻገራለሁ። ያኔ የሰፈሩ ሰው የሚስቀው በማን እንደሆነ ታያለህ።»

እሷ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። አስረስ ጃኬቱን ለበሰ፣ እንደገና አወለቀው፣ እጁን ታጠበ፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ማስቲሽ አልለቅ አለው። ከዚያ ስምንቱን እርምጃ ተሻገረ።

አናስ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ ከደንበኛ ጋር ነበር። አስረስን በሩ ላይ ሲያየው ያወራ የነበረውን ረሳ። ተነሥቶ የራሱን ወንበር አዙሮ አቀረበለት፤ አስረስ ቆሜ እናገራለሁ አለ። ደንበኛው እስኪወጣ ድረስ አንዱም ሌላውን አላየም። ዙሪያውን የተሰፉት ልባሶች በላስቲካቸው ተሰቅለዋል፤ አስረስ ዓይኑን ከእነሱ ላይ ለማሸሽ ታገለ፤ እጁ ግን ሳያዝዘው ሄዶ የአንዱን ስፌት ዳሰሰ።

ከዚያ ተናገረ። ለልመና ያልለመደ አፍ ስለሆነ ነገሩ እንደ ክስ ወጣ፦ ሚስቴ መቀመጥ አትችልም፤ ሐኪሙ ተኝታ ትሂድ ብሏል፤ አንተ ካርድ አለህ፤ እኔ ሳልሆን እሷ ናት የምትፈልገው፤ ምሳ ያበላችህ እሷ ናት።

አናስ እትዬ ተሾመች መሆናቸውን በፍቃዱ አልነገረኝም አለ። አንድ የማውቃቸው ሰዎች ካርድህን ይፈልጋሉ ነው ያለኝ። አስረስ ይህን ሲሰማ በፍቃዱን ከቁርጥራጮቹ ጋር ሊሰቅለው አሰበ፤ ግን ጊዜ አልነበረውም፤ አናስ ስልኩን አውጥቶ ማስረዳት ጀምሯል።

ማዕረጉ ሌላ፣ ማይሉ ሌላ ነው አለ አናስ። ማዕረጉ እንደ ሰውዬው መልክ ነው፤ ወርቅ የሆንኩት እኔ ነኝ፤ ለሌላ ሰው አይዋስም። ሌላ ሰው ካርዴን ይዞ ቢቀርብ ስሙን ከፓስፖርቱ ያዩና ይመልሱታል። ያውም የዘላለም አይደለም፤ በየዓመቱ የሚበሩትን ካልበሩ ወደ ብር ያወርዱዎታል። ማይሉ ግን በበረሩ ቁጥር የሚጠራቀም ነው፤ ሲበዛ የኋላ ወንበር ይዞ የፊት ወንበር ይለውጡበታል። እሱን ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል።

አስረስ እና ከሰጠህ ከወርቅ ትወርዳለህ ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ይህን የጠየቀው ለአናስ አስቦ አልነበረም፤ አናስ እሱን ብሎ ዝቅ ካለ ውለታው ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል ብሎ ነው። አናስ አልወርድም፣ ማይል ማውጣት ማዕረግ አይነካም አለና ፊቱ ትንሽ ጨለመ። አንድ ነገር ግን አለ አለ፦ ለማንም አይሰጥም። አስቀድሞ ስማቸው የተመዘገበ አምስት ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ሞልቷል። አንዱን አውጥቶ ሌላ ማስገባት ይቻላል፤ አዲስ የገባው ሰው ግን እስኪጸና ሁለት ወር ይፈጃል።

በረራው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነበር።

አስረስ አዎ፣ እንዲህ ነው ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚያውቀው ነገር ነው፤ በሩ ላይ ደርሰህ ዝርዝሩ ሞልቷል ትባላለህ። ሊወጣ ዞረ። አናስ ግን ቆይ፣ ካገባሁ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም፤ ማን ማን እንደነበረም ረስቼዋለሁ አለና ዝርዝሩን ከፈተው። አየውና ወደ ጓዳ ዞሮ «ነጃት፣ እስኪ ነይ» ብሎ ሚስቱን ጠራ።

ነጃት ከጓዳ ወጣች፤ ስልኩን አየች፤ ከዚያ አስረስን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች። «ስምንት ዓመት ሙሉ ሽንት ቤት አጠገብ ያስቀመጡኝ።»

አስረስ ነገሩ ስድብ መሰለው። አናስ እየሳቀ ስልኩን አስጠጋለት። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ነው፤ አስረስ ያንን ፊደል የሚያነበው እንደ ሕፃን፣ አንድ አንድ እያለ ነው። የመጀመሪያው ስም የአናስ እናት፣ ሁለተኛው የወንድሙ፣ ሦስተኛው የእህቱ ነው ብሎ አናስ አነበበለት። አራተኛውን ራሱ አነበበው። ቀስ ብሎ፣ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ፣ የራሱን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ አገኘው። አምስተኛው መስመር ላይ ተሾመች አለች።

አስረስ እንግዲያ ያ ቅድም ያቀረብክልኝ ወንበር ይሻላል አለና ቁጭ አለ።

አናስ ነገሩን ሲያወጋው አፍሮ ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ ሲበር ትኬት ቢሮ ያለች ልጅ፣ ማይል ይጠራቀምልህ ብላ ወረቀት ሰጠችው። ከታች አምስት መስመር አለ፤ ሰዎች ጻፍ ይላል። እሱ እስከዚያ ድረስ የሞላው ወረቀት ሁሉ፣ የቀበሌም የቤት ኪራይም የመንጃ ፈቃድም፣ መጨረሻው ላይ ተጠሪ ይላል፤ አንድ ነገር ብትሆን ለማን እንደውል ማለት ነው። ይኼም አውሮፕላኑ ቢወድቅ ለማን እንንገር እያለኝ ነው ብሎ አሰበ። እናቱንና ወንድሙንና እህቱን ጻፈ። ከዚያ ቆም ብሎ፣ እነሱ ገጠር ናቸው፣ እሬሳዬን ቦሌ ድረስ መጥቶ የሚቀበል ማነው አለ።

«እርስዎን ጻፍኩ» አለ። «ከሱቅዎ ስለማይጠፉ። የስፌት ሲንጀሯ ስትጮህ ግን ስልክ አይሰሙም፤ ስለዚህ እትዬንም ጻፍኳቸው።»

በኋላ ሲያገባ ነጃትን ለማስገባት ሞክሯል። ያኔ ነው መስመሩ የሬሳ ሳይሆን የወንበር መሆኑን ያወቀው። አንዱን ሰርዝ ሲባል ሳይሰርዝ ተወው። ነጃት ባለፉት ዓመታት ሦስት ጊዜ አብራው ስትሄድ እሱ ፊት እሷ ኋላ ሆነው ነው፤ እሱም አፍሮ ወደ ኋላ እየሄደ አጠገቧ ይቆም ነበር። አስረስ ለምን አልሰረዝከንም አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ ወጣ።

አናስ መልሱን አሰበበት።

«ሰላምታ ያቋረጡት እርስዎ ነዎት፤ እሱ የእርስዎ ነው» አለ። «ስም ብሰርዝ ግን ኩርፊያው የሁለታችን ይሆናል ብዬ ነው። ያቺን ቀን የተናገርኳትን ነገር አውቃታለሁ ጋሼ። አንድ ጊዜ ከአፌ ወጣች።»

አስረስ ዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀው መልስ ነበረው፤ ግን ስሙን ሳይሰርዝ ለኖረ ሰው የተዘጋጀ አልነበረም። እጁ አሁንም የዚያን ልባስ ጫፍ ይዞ ነበር። ክሩ ውሸት ነው አለ በመጨረሻ፤ ስድስት ወር አይቆይም። አናስ ከጠረጴዛው ሥር እየተቀደደ የተመለሰ አንድ ክምር አወጣና አሳየው። አስረስ ልጠግነው ብሎ አንዱን ብብቱ ሥር ከትቶ ሄደ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ወንበሩ ገና አልተገኘም ነበር። አናስ ከስልኩ ላይ ማይሉን አውጥቶ ለተሾመች ለመሄጃዋም ለመመለሻዋም ጠየቀ። የመመለሻው ወዲያው ተሳካ። የመሄጃው ግን ፊት ያለው ወንበር ተሽጦ አልቆ ነበርና ተጠባባቂ ላይ ገባች። እዚህ ላይ ነው ወርቁ የሚሠራው ብሎ አናስ አስረዳው፦ ጥያቄው የወጣው ከወርቅ ደብተር ስለሆነ፣ አንድ ሰው ቢሰርዝ መጀመሪያ ከወርቆቹ ወረፋ ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወደ ብር ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወደ ተራው አባል። አስረስ ገባኝ አለ። እንደ እድሩ ሳይሆን እንደ ወፍጮ ቤት ተራ ነው፤ ልዩነቱ የቆየ ደንበኛ ከፊት መግባቱ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስረስ በየጠዋቱ ሱቁን ሳይከፍት መንገዱን ይሻገራል። ደረሰ ወይ ይላል። አናስ ስልኩን ያይና ገና ነው ይላል። አስረስ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ከተቀደዱት ልባሶች አንዱን በእጁ መርፌ ይሰፋል። ነጃት ሻይ ታመጣለች፤ የሽንት ቤቱን ነገር ሳታነሣ ግን አታልፍም፤ እትዬ ፊት ተኝተው ሲሄዱ እርስዎ የእኔን ቦታ ይረከባሉ ትለዋለች። አስረስ በሦስተኛው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀላት። በዘጠነኛው ቀን ክምሩ አለቀ። ወንበሩ አልመጣም።

በጉዞው ቀን በፍቃዱ ጥፋቱን ለመካስ ሚኒባሱን ይዞ በሌሊት ደረሰ። የኋላውን ወንበሮች አስረስ ራሱ ፈታቸው፤ የሰፋቸው እሱ ስለሆነ ብሎኑ የት እንደሆነ በጨለማም ያውቃል። ተሾመችን ከነፍራሿ አስገቧት። አናስ መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አያት። እንዳትቆጣኝ፣ ሽሮ ሳልሠራልህ ሄድኩ አለችው። ሲመለሱ አለ፤ ከዚያ ስልኩን እያየ ወደ ኋላ ቀረ። ገና ነበር።

ቦሌ ሲደርሱ በተሽከርካሪ ወንበር አስቀመጧትና አስረስ ሰዓት መቁጠር ጀመረ፤ ሐኪሙ የፈቀደው ግማሽ ሰዓት ነው። መመዝገቢያው ባንኮኒ ላይ ያለችው ልጅ ደረቷ ላይ ሌንሳ የሚል ስም ነበራት። ፓስፖርታቸውን ተቀብላ ኮምፒውተሯን ስትነካካ አስረስ ፊቷን ነበር የሚያየው። የሰው ፊት ማንበብ ያውቃል፤ ዕድሜ ልኩን ሲመልሱት የኖሩት ፊቶች አሉ። የይቺ ፊት አልተጨማደደም፤ ግን አልተፈታም። የእሳቸው ተጠባባቂ ላይ ነው አለች። እስኪዘጋ ድረስ አላውቅም አለች። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ተሾመች ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን ታያለች። አስረስ በሕይወቱ የሚያውቃቸውን የመመለሻ ቃሎች ሁሉ አስቀድሞ ሰማቸው፤ ሞልቷል፣ አልፏል፣ ነገ ይምጡ።

ሌንሳ ስልክ ደወለች፤ አዎ፣ ሕመምተኛ ናቸው፣ አዎ፣ ከወርቅ ነው የተጠየቀው አለች፤ አዳመጠች። ከዚያ ማሽኑ ወረቀት አወጣ። ከተጠባባቂዎቹ የመጀመሪያው እሳቸው ነበሩ፤ አንድ ሰው ሳይመጣ ቀረ አለች። ሁለተኛው መስመር፣ መስኮት አጠገብ።

አስረስ ወረቀቱን አልተቀበላትም። መጀመሪያ ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ። እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ ማለት ብቻ ሆነ። ሌንሳ እኔ ምን አደረግኩ፣ ማይሉን የሰጣቸውን ያመስግኑ ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ አንዲት ቅጽ አቀረበችለት፤ ለሕመምተኛ መንገደኛ የምትሞላ ናት። ስም፣ ፓስፖርት፣ የሐኪም ወረቀት ብላ ራሷ ሞላችና መጨረሻው ላይ ቆመች።

«ተጠሪ?» አለች። «አንድ ነገር ቢሆኑ እዚህ አገር የምንደውልለት ሰው።»

አስረስ ያንን መስመር ዕድሜ ልኩን ባዶ ሲተወው ኖሯል። የኔን ክፉ ማን ሊሰማ ነው ይል ነበር፤ ልጅቱ ሩቅ ናት፣ እህቱ ከምሰሶ ጀርባ ያስቀመጠችው ናት። አሁን አናስ አለ፤ ከነአባቱ ስም ነገራት። ስልክ ቁጥራቸውስ አለች። ስልኩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ትዝ አለው፤ የአናስን ቁጥር የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አጥፍቶታል። ወዲያው ግን ቢጫው ታፔላ ፊቱ መጣ። አሥሩንም አኃዝ፣ የዳቦ የዳቦ ያህል ሆነው፣ አንዱን ሳይስት አንድ በአንድ ቆጠረላት።

«በቃልዎ ነው የያዙት?» አለች ሌንሳ እየጻፈች። «ወንድምዎ ነው?»

አስረስ አሰበ። ፊት ለፊቴ ነው አላት።

አውሮፕላኑ ውስጥ ተሾመችን ከፊት ወሰዷት፤ መጋረጃው ከኋላዋ ተሳበ። እሱ የመጨረሻው መስመር፣ ነጃት እንዳለችው ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ተቀመጠ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጉልበቱን ያነሣል፤ ሰው በትከሻው ያልፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲያስቀምጡት ዱሮ ቢሆን ቀኑን ከነወሩ ይይዘው ነበር። አሁን ግን የፊት ለፊቱን ወንበር ስፌት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ ጥሩ እጅ ነው የሰፋው፣ ክሩም እውነተኛ ነው ይል ነበር። ለአናስ ነግሮ እንዲህ ያለ ክር የት እንደሚገኝ ማስጠየቅ አለበት።

ሁለት ሰዓት እንደበረሩ አንዲት አስተናጋጅ መተላለፊያውን ይዛ እስከ መጨረሻው መጣች። አቶ አስረስ እርስዎ ነዎት አለች። ባለቤቴ ምን ሆነች ብሎ ሊነሣ ሲል ትከሻውን ያዘችው። ምንም አልሆኑም፤ አሁን እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ከመተኛታቸው በፊት መልእክት ይዘሽልኝ ሂጂ ብለውኝ ነው አለች።

«ጀርባዬ ዝም ብሏል በይው ብለዋል።»

አስረስ አንገቱን ዝቅ አደረገ። አስተናጋጇ ውኃ ላምጣልዎት ብትለው አይ፣ ምንም አይጎድለኝም አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ጀርባ በየሌሊቱ ሲጮህ አብሮ ሲሰማ ያደረ ሰው ነው። አሁን ከመጋረጃው ወዲያ፣ አርባ ወንበር ያህል ርቆ፣ ዝም ማለቱ ይሰማው ነበር።